የአባትህ ኮርስ ሳይክልና አልወጣ ያለው የኮርቻ ዘንግ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ የምጽፍልዎት ከሀዋሳ፣ ከአቶቴ ሰፈር ነው። አባቴ በወጣትነቱ የተወዳደረበትን የጣሊያን ኮርስ ሳይክል ትቶልኛል። ቴላዮው (የሳይክሉ ዋና አካል) ብረት ነው፣ ኮሎምበስ የሚል የቱቦ ሠሪ ምልክት ተለጥፎበታል። ዕቃው በሙሉ ካምፓኞሎ ሱፐር ሪከርድ ነው። እኔ ከአባቴ ስለምረዝም ኮርቻውን ከፍ ላደርግ ፈለግሁ። ኮርቻው የተሰካበት ዘንግ ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ጋራዥ ወስጄው በኦክስጅን አሙቀን በመዶሻ እናወጣዋለን፣ ቀለሙንም አዲስ እንቀባልሃለን አሉኝ። ልስጣቸው?»

አትስጣቸው ወንድሜ። ዛሬውኑ ሄደህ ሳይክልህን ወደ ቤት አምጣ። ከዚያ ረጋ ብለን እንነጋገር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ወስን። ከሁለቱ አንዱ መጎዳቱ የማይቀር ከሆነ የሚጎዳው ዘንጉ ይሁን። ሱፐር ሪከርድ ዘንግ እንደዋዛ የሚጣል ዕቃ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ካምፓኞሎ ይህን ዕቃ የሠራው በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው፣ ዛሬም ሰብሳቢዎች ይፈልጉታል። ቢሆንም ተፈልጎ ሌላ ይገኛል። አባትህ የተወዳደረበት ቴላዮ ግን ሌላ የለውም። ይህን ቀድመህ ካልወሰንክ፣ መሃል ላይ ስትደርስ ለዘንጉ እያዘንክ ቴላዮውን ታጣምመዋለህ።

መዶሻውን ለምን እንደፈራሁት ልንገርህ። ምልክቱን ጠጋ ብለህ አንብበው። ኮሎምበስ ኤስ ኤል የሚል ከሆነ፣ ዘንጉ የሚገባበት ቱቦ ውጪው 28.6 ሚሊሜትር ነው። የቱቦው ግድግዳ ታች በፔዳሉ በኩል 0.9 ሚሊሜትር ይወፍራል። ላይ፣ ዘንጉ በተቀረቀረበት በኩል ግን 0.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከጣትህ ጥፍር ብዙም አይወፍርም። ብረቱ ጠንካራ ስለሆነ ነው እንዲህ አሳስተው የሠሩት። ሲጋልቡት ዕድሜ ልክ ይቆያል፣ ከጎን ሲመቱት ግን ይሰረጉዳል።

እሳቱም አይሆንም። ዘንጉ አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ሲሞቅ ከብረት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታሞቃቸው ውስጥ ያለው ከውጪው በላይ ያብጣል፣ ይብሱን ይጠብቃል። በዚያ ላይ ቀለሙ ይቃጠላል። የቴላዮው መገጣጠሚያዎችም የተያያዙት በነሐስ ወይም በብር ብየዳ ስለሆነ የኦክስጅን እሳት እዚያ አካባቢ ባይደርስ እመርጣለሁ።

የያዘው ነገር ምን እንደሆነም እወቅ። ብዙ ሰው የብረት ዝገት ይመስለዋል። ዋናው እሱ አይደለም። አልሙኒየምና ብረት ተነካክተው መሃላቸው እርጥበት ሲገባ አልሙኒየሙ ይበላል። የጋላቢው ላብ ጨው ስላለው ያፋጥነዋል። የተበላው አልሙኒየም ነጭ ዱቄት ይሆንና ከበፊቱ የበለጠ ቦታ ይይዛል። በዘንጉና በቱቦው መሃል ያለው ክፍተት ደግሞ የፀጉር ያህል ነው። ዱቄቱ እዚያ ውስጥ ታጭቆ እንደ ሽብልቅ ይይዛል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ኮርቻውን አውጣ። ዘንጉን ከላይ የሚያጠብቀውን ብሎን ማላላት አይበቃም፣ ጨርሰህ አውጣው። ዝገት ማላቀቂያውን ከላይ ብቻ አትንፋ። ከላይ የሚነፋው ፈሳሽ ጫፉ ላይ ይቀራል። ሳይክሉን ገልብጠህ ከታች፣ ፔዳሉ ከሚዞርበት ቤት በኩል ነው የምታጠጣው። ለዚህ የፔዳል ክንዶቹ መውጣት አለባቸው። ብሎናቸው በ15 ቁልፍ ይፈታል። ከዚያ የ22 ሚሊሜትር ጥርስ ያለው ፑለር፣ ክንዱን ስቦ የሚያወጣ መሣሪያ፣ ያስፈልግሃል። ፑለር ከሌለህ ተዋስ እንጂ በመዶሻ አትነካው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የፔዳሉን ቤት የግራ ክዳንና የፔዳል ክንዶቹ የሚታሰሩበትን የመሃል ዘንግ ብቻ አውጣ። የቀኙን ክዳን ተወው። በእንግሊዝ ልክ የቀኙ ጥርስ ተገላቢጦሽ ነው፣ በጣሊያን ልክ ግን ሁለቱም በተለመደው አቅጣጫ ነው የሚፈቱት። ይህን ያላወቀ ሰው የቀኙን ክዳን ሊፈታ ብሎ እያጠበቀው ጥርሱን ይጨርሰዋል። የፔዳሉን ቤት ወርድ ብትለካው 70 ሚሊሜትር ከሆነ ጣሊያን ነው፣ 68 ከሆነ እንግሊዝ ሊሆን ይችላል። ለአሁኑ ሥራ ግን የቀኙ መነካት የለበትም።

ቤቱ ባዶ ሲሆን በባትሪ ብርሃን ወደ ቱቦው ተመልከት። የኮርቻው ዘንግ ጫፍ ይታይሃል። ማላቀቂያውን በዚያ በኩል አጠጣና ሳይክሉን እንደተገለበጠ ተወው። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጨምርበት። አንድ ሳምንት ቢፈጅም አትቸኩል። ቀለሙ ላይ ከፈሰሰ ቶሎ ጥረግ። አሴቶን የተቀላቀለበትን ግን ወደ ቀለሙና ወደ ምልክቶቹ አታስጠጋ፣ ያነሳቸዋል።

ከዚያ ሞርሳ (ዕቃ ጨምድዶ የሚይዝ መሣሪያ) ያለው ሰው ፈልግ። ሞርሳው ከጠረጴዛ ጋር በደንብ የታሰረና ትልቅ መሆን አለበት። የዘንጉን የላይኛውን መያዣ ፍታና ከነብሎኑ አስቀምጠው። ሁለቱንም ጎማ አውልቅ። ሳይክሉን ገልብጥና የዘንጉን ራስ በሞርሳው ጥርቅም አድርገህ አስይዝ። ራሱ ይቧጨራል። ቅድም ወስን ያልኩህ ለዚህ ነው።

አሁን በቀጭን እርሳስ ከዘንጉ ተነስቶ ወደ ቴላዮው ጠርዝ የሚያልፍ አንድ መስመር አስምር። ይህን መስመር አትርሳው፣ ዓይንህ ሆኖ የሚያገለግልህ እሱ ነው። አንድ እጅህን ከፊት መሪው በሚገባበት በኩል፣ ሌላውን ከኋላ አድርግና ቴላዮውን ራሱን እንደ መሪ አዙረው። ኃይሉን ለሁለቱም እጅ እኩል አካፍል። ሳትነጥቅ፣ ቀስ እያልክ፣ ወዲያና ወዲህ። የእርሳሱ መስመር ከተቆረጠ ዘንጉ ተላቋል ማለት ነው። ቴላዮው እየሄደልህ መስመሩ ካልተቆረጠ ግን እየተጠመዘዘ ያለው ቱቦው ነው። ትንሽ ተጠምዝዞ ከተመለሰ ችግር የለውም። አልመለስ ካለ እዚያው አቁም። ሲላቀቅ አንዳንዴ «ቋ» ብሎ ይጮኻል፣ ሰው ተሰበረ ብሎ ይደነግጣል። መስመሩን እይ እንጂ አትደንግጥ።

ከተላቀቀ በኋላ እያዞርክ ወደ ውጭ ሳበው። ተመልሶ እንዳይነክስ ማላቀቂያ እየጨመርክ አውጣው።

እምቢ ካለ በድስት የፈላ ውኃ ቱቦው ላይ አፍስስና ወዲያው ከውጪ የቀረውን የዘንጉን ክፍል በበረዶ ከረጢት ጠቅልለው። ይህ ከእሳት ጋር አንድ አይደለም። ውጪው ሞቆ ውስጡ ሲቀዘቅዝ መሃላቸው ይላላል፣ ቀለሙም አይነካም። ደጋግመህ ካደረግክ በኋላ እንደገና ወደ ሞርሳው ተመለስ።

ይህም ካልሠራ ዘንጉን እንቆርጠዋለን። 3 ሴንቲሜትር ያህል ከላይ አስቀርተህ ቁረጠው። የሴጌቶ ምላጭ አንዱን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልልና ከውስጥ በኩል ዘንጉን ከላይ እስከ ታች በቁመቱ ሰንጥቀው። አድካሚ ነው፣ ክንድ ይጨርሳል። አሳሳቢው ግን ምላጩ አልሙኒየሙን ጨርሶ ብረቱን መብላት ሲጀምር ነው። ስለዚህ ከሥር ነጭ ወረቀት አንጥፍና የሚወርደውን ብናኝ በየጊዜው በማግኔት ፈትሽ። አልሙኒየም ማግኔት አይነካውም። ማግኔቱ ላይ ብናኝ ከተለጠፈ ብረቱ ጋ ደርሰሃል፣ እዚያ ቦታ ላይ አቁም። ከተሰነጠቀ በኋላ ጠርዙን በፒንሳ ወደ ውስጥ ጠምዝዘው፣ ተጠቅልሎ ይወጣል። በግራይንደር እንጨርሰው የሚልህን አትስማ።

ኮስቲክ ሶዳ አልሙኒየሙን ያሟሟዋል፣ ብረቱን አይነካም የሚሉህ ይኖራሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ሲሠራ ይፈላል፣ የሚቀጣጠል ጋዝ ያወጣል፣ ዓይን ያጠፋል፣ ቀለም ይልጣል። ቀለሙን ለማትረፍ እየለፋን ስለሆነ ላንተ ሳይክል አልመክረውም።

ስለ ቀለሙ ከጠየቅህ አትቀባው። የመጀመሪያው ቀለምና ምልክት ያለበት ቴላዮ፣ ቢላላጥም፣ አዲስ ከተቀባው ይልቅ በሰብሳቢ ዘንድ ይከበራል። የዛገውን ነጥብ ነጥብ አጽዳ፣ በለስላሳ ሳሙና እጠብ፣ አድርቅና ሰም ቀባው።

ዘንጉ ከወጣ በኋላ የቱቦውን ውስጥ በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገህ አጽዳ። ፔዳሉ ቤት ውስጥ የወረደውን ብናኝ ጥረግ፣ ኩሽኔታውን አጥበህ አዲስ ግሪስ አድርግ። አዲሱን ዘንግ በግምት አትግዛ። ኤስ ኤል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ 27.2 ሚሊሜትር ነው፣ ኤስ ፒ የተባለው የኮሎምበስ ቱቦ ከሆነ ግድግዳው ስለሚወፍር 27.0 ይሆናል። የወጣውን ዘንግ ጤነኛ ቦታ ላይ በካሊፐር ለካው። ዘንጉን ሙሉ በሙሉ ግሪስ ቀብተህ አስገባ፣ በዓመት አንዴ እያወጣህ ድገመው። አንተ ረጅም ስለሆንክ ዘንጉ ላይ የተሰመረውን የመጨረሻ መስመር አልፈህ እንዳትስበው። መስመሩ ካላደረሰህ ቴላዮው የአባትህ ልክ እንጂ ያንተ አይደለም። ያኔ ለአጭር መንገድ ንዳው፣ ለረጅሙ ልክህ የሆነ ሌላ ፈልግ።

ብሎኑን በአጭር ቁልፍ በእጅህ ኃይል ብቻ አጥብቀው። እየነዳህ ኮርቻው ቀስ በቀስ ከወረደብህ ብሎኑን እያጠበቅህ አትታገል። የዘንጉ ልክ ተሳስቷል ማለት ነው፣ አውጥተህ እንደገና ለካ።