እናትሽን ገቨርነርስ አይላንድ ውሰጃቸው

«እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታለች፣ ጉልበቷን ያማታል፣ የ5 ዓመት ልጅም አለኝ፤ ገቨርነርስ አይላንድ ይሻላል ወይስ የነጻነት ሐውልት?» ላልሽው፣ እህቴ፣ አይላንዱ ይሻልሻል፤ ኒው ዮርክ ወደብ ውስጥ፣ ከማንሃተን ደቡብ ጫፍ አጠገብ ያለ ደሴት ነው። ባለፈው ሰመር እናቴን ይዤ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ።

ማንሃተን ጫፍ ላይ ያለው ባትሪ ፓርክ ስትደርሺ ትኬት ሻጮች ይከቡሻል፣ አትስሚያቸው። እኔ መጀመሪያ ቀን ከአንዱ አምኜ ገዛሁና ሐውልቱን ከሩቅ አሳይቶ የሚመለስ ጀልባ ሆኖ ተገኘ። እናቴን ፀሐይ ላይ አቁሜ ስከራከር ዋልኩ፣ እስካሁን ይቆጨኛል። ወደ ደሴቱ የሚወስደው ትክክለኛው ጀልባ የሚነሳው ከስታተን አይላንድ ፌሪ አጠገብ ካለው አሮጌ ሕንፃ፣ ከባትሪ ማሪታይም ቢልዲንግ ነው። አስር ደቂቃ እንኳን አይፈጅም። በጠዋት ሂዱ፣ ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት ሰልፉ አይቻልም።

ደሴቱ ላይ የግል መኪና የለም። ልጅሽ እንደልቡ ይሮጣል፣ እናትሽም «ኧረ መኪና!» እያሉ አይሳቀቁም።

ስትወርዱ ወደ ቀኝ ካስል ዊሊያምስን ታገኛላችሁ። ወደቡን ለመጠበቅ በቀይ ድንጋይ የተሠራ ክብ ምሽግ ነው፣ በ1811 ያለቀ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምነግርሽ)። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የደቡብ ምርኮኞች ታስረውበታል። ይህን ስነግራት እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ ዳበሰችና «ስንቱን እናት አስለቅሷል» አለች። ከዚያ ብዙ ደቂቃ ዝም ብላ ቆመች፣ እኔም አላጣደፍኳትም። ደሴቱ ላይ ወታደሩ እስከ 1966፣ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጠባቂው) ደግሞ እስከ 1996 ነበሩ፤ በ2003 አብዛኛው ደሴት ለኒው ዮርክ በ1 ዶላር ተሸጠ።

ኖላን ፓርክን እንዳታልፉት። የድሮ መኮንኖች ቢጫ የእንጨት ቤቶች ናቸው፣ ሰመር ላይ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ያሳዩባቸዋል። ዛፎቹ ትልልቅ ስለሆኑ ምሳችንን እዚያ ጥላ ሥር በላን። ፍልሰታ ስለነበር ሽሮ ፍትፍት ቋጥሬ ነበር፤ የሚሸጠው ምግብ ውድ ነው፣ የጾም ማግኘትም ያስቸግራል፣ ስለዚህ ከቤት ያዙ።

ከሰዓት ወደ ደቡብ ሂዱ። ያ ግማሽ ሰው የሠራው መሬት ነው፦ የማንሃተኑ የሌክሲንግተን አቬኑ ሰብዌይ (የምድር ውስጥ ባቡር) ሲቆፈር የወጣው አፈርና ድንጋይ ባሕሩ ላይ እየተደፋ በ1912 ደሴቱ ከእጥፍ በላይ ሰፋ። በዚያው መስመር በሚሄደው በ4 ቁጥር ባቡር ከመጣችሁ ለባቡራችሁ መንገድ ሲባል የተቆፈረውን አፈር ነው የምትረግጡት! እዚያ ያሉት ኮረብታዎች በ2016 ነው የተከፈቱት። ረጅሙ አውትሉክ ሂል ይባላል፣ 21 ሜትር ገደማ። በትልልቅ ድንጋዮች የሚወጣው በኩል ለእናትሽ አይሆንም፣ ዞሮ ቀስ እያለ የሚወጣውን መንገድ ያዙ። እናቴ ሦስቴ አርፋ ወጣችው። ላይ ስትደርሱ ሐውልቷ ፊት ለፊታችሁ ቆማ ታገኟታላችሁ፣ ሰልፍ የለ ግፊያ የለ። ልጅሽ ግን ስላይድ ሂል ላይ ያለውን ረጅም መንሸራተቻ ካየ ከዚያ ንቅንቅ አይልም፣ ሰዓት ያዥለት።

የመጨረሻው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሆነ ገና ስትገቡ ጠይቂ። ለእናትሽም ነጠላ ወይም ሹራብ ያዢላቸው፣ ማታ ጀልባው ላይ ነፋሱ ይበርዳል።