የቤት ጉዳይ፦ ቤቱን ዘግቶ ለገና አገር ቤት መሄድ

ጥያቄ፦ ለገናና ለጥምቀት አገር ቤት ሄደን አንድ ወር እንቆያለን። ቤታችን ሴንት ፖል፣ ሚኒሶታ ነው፤ ቤዝመንት አለው፣ የሚሞቀውም በጋዝ ፈርነስ (አየር አሙቆ በቤቱ በሚያሰራጭ ማሞቂያ) ነው። ሰው ለሌለበት ቤት ከመክፈል ማሞቂያውን እናጥፋው ስንል ጎረቤታችን «ስትመለሱ ኩሬ ታገኛላችሁ» አለን። እውነቱን ነው?

መልስ፦ እውነቱን ነው። ማሞቂያው አይጠፋም። ቴርሞስታቱን (የሙቀት መቆጣጠሪያውን) 55 ዲግሪ ፋራናይት (13 ሴልሺየስ ገደማ) ላይ አድርገው ይሂዱ። ከዚያ በታች አያውርዱት፤ ሳሎኑ 55 ሲሆን ከውጭው ግድግዳ ጋር የተጠጋው ቧንቧ ከዚያ በብዙ ይቀዘቅዛልና። የወጥ ቤትና የመታጠቢያ ቤት ካቢኔቶችንም ከፍተው ይተዉአቸው፣ ሙቀቱ ወደ ውስጥ ይግባ።

ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል። ቧንቧውን የሚያፈነዳው ግን ብዙ ጊዜ በበረዶውና በተዘጋው ሩቢኔት መካከል መውጫ ያጣው ውሃ ነው። ስለዚህ ስንጥቁ በረዶው ካለበት ራቅ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ቤቱን የሚያጥለቀልቀውም በረዶው ሲቀልጥ ነው፤ ያኔ እርስዎ አዲስ አበባ ነዎት።

ፈርነሱም ሊበላሽ ስለሚችል ዋናውን የውሃ መዝጊያ ይዝጉ። ብዙውን ጊዜ ቤዝመንት ውስጥ፣ ወደ መንገዱ ባለው ግድግዳ በኩል፣ ከቆጣሪው አጠገብ ነው። እጀታ ካለው ከቧንቧው ጋር እስኪያቋርጥ ሩብ ዙር ያዙሩት። ክብ መዘውር ከሆነ በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ ይጠመዘዛል። ለዓመታት ያልተነካ መዘውር አንዳንዴ አልዘጋም ይላል ወይም አንገቱ ላይ ያንጠባጥባል፤ ስለዚህ ሙከራውን ከጉዞው ሁለት ሳምንት ቀደም ብለው ያድርጉት። ሻንጣ በር ላይ ቆሞ የቧንቧ ሠራተኛ አይፈለግም። ከዘጉ በኋላ የላይኛውን ፎቅና የቤዝመንቱን ሩቢኔቶች ከፍተው ውሃው እስኪያልቅ ይጠብቁ፤ ሽንት ቤቶቹንም አንዴ ይልቀቁ። ቤትዎ በሙቅ ውሃ ራዲያተር የሚሞቅ ወይም የእሳት ማጥፊያ የውሃ መርጫ ያለው ቢሆን ግን ባለሙያ ሳይጠይቁ ዋናውን አይዝጉ።

የፈርነሱን ፊልተር ከመሄድዎ በፊት ይቀይሩት፣ ቀስቱ ወደ ፈርነሱ ይጠቁም። የታፈነ ፊልተር ፈርነሱን ከመጠን በላይ ያግለዋል፤ መከላከያው እሳቱን ያጠፋዋል፣ ቀዝቀዝ ሲል እንደገና ይነሳል፣ እንዲህ እያለ ቤቱ ሳይሞቅ ያድራል። ፈርነሱ የሚተነፍስባቸው፣ ከግድግዳው ወደ ውጭ የወጡ ነጭ የፕላስቲክ ቱቦዎች ካሉም በበረዶ ሲዘጉ ፈርነሱ ራሱን ያጠፋል። ቁልፉን የሚሰጡት ሰው በረዶ በጣለ ቁጥር አካባቢያቸውን ይጥረግ፣ ገብቶም ቴርሞስታቱን ይይ። የጓሮው የውሃ ጎማ እስካሁን ካልተነቀለ ዛሬውኑ ይነቀል፤ በረዶ አይነካውም የሚባለው ሩቢኔት እንኳ ጎማ ከተሰካበት ውሃው አይወርድለትም።

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ። የአፓርታማችን መስኮቶች ጠዋት ጠዋት ውሃ ያወርዳሉ፣ ከአልጋው ጀርባ ያለው ጥግም ጠቁሯል። ከውጭ የሚገባ መስሎን በሲሊኮን ደፈንነው፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም።

መልስ፦ ውሃው የራሳችሁ ነው። የምጣዱ እንፋሎት፣ ሻወሩ፣ ቤት ውስጥ የሚሰጣው ልብስ ቀዝቃዛ መስታወት ሲነካ ጤዛ ይሆናል። ስትደፍኑት መውጫውን ዘጋችሁበት። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ ገዝታችሁ በብርዱ ወራት ከ30 እስከ 40 በመቶ ለማቆየት ሞክሩ። ከምድጃው በላይ ያለው ማራገቢያ አየሩን ወደ ውጭ ያወጣ እንደሆነ አረጋግጡ፤ በብዙ አፓርታማ አጣርቶ እዚያው ይመልሰዋል። እንደዚያ ከሆነ እንጀራ ሲጋገር መስኮቱን ጣት ያህል ክፈቱ፣ የመታጠቢያ ቤቱንም ማራገቢያ ከጋገራችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። አልጋው ከውጭው ግድግዳ 10 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። መስኮቱ ላይ ከውስጥ የሚለጠፈውና በፀጉር ማድረቂያ የሚወጠረው ፕላስቲክም ይረዳል፣ የክፍሉ አየር ቀዝቃዛውን መስታወት እንዳይነካ ያደርጋል። ሻጋታውን በሳሙናና በውሃ አጥባችሁ አድርቁት። በላዩ ቀለም መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ ከሰሉን በረንዳ ላይ አቀጣጥለን፣ ጢሱ ካለቀ በኋላ ለቡና ሳሎን እናስገባዋለን። መስኮትም እንከፍታለን። ይህም ያሰጋል?

መልስ፦ ያሰጋል፣ ይገድላልም። ጢሱ ሲያልቅ ካርቦን ሞኖክሳይዱ አያልቅም፤ ቀልቶ የሚነደው ፍም ራሱ ነው የሚያመነጨው። ሽታም ቀለምም የለውም። የተከፈተ መስኮት መተማመኛ አይሆንም፣ በተለይ ለብርዱ ተብሎ በየስንጥቁ በተደፈነ ቤት። ቡናው በኤሌክትሪክ ምድጃ ይፈላ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወል በየፎቁና ከመኝታ ክፍሎች ውጭ ይኑር፤ ጀርባውን ገልብጣችሁ የማብቂያ ዓመቱን እዩ፣ ካለፈ ባትሪ መቀየር አያድነውም። ከጮኸ ሁላችሁም ውጡና 911 የምትደውሉት ደጅ ሆናችሁ ይሁን።