ወሩን በሐሙስ ቆጠርኩት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ነርስ ሆነህ ሥራ ከጀመርክ ሰባት ወርህ ነው። ደሞዝህ በገባ በ12ኛው ቀን ያልቃል። ኮስት ሼሪንግ (የዩኒቨርሲቲው የትምህርት ዕዳ) ይቆረጥብሃል፣ ለእናትህ ትልካለህ፣ አሁን ደግሞ እቁብ ልግባ ወይ እያልክ ነው። ወጪ መመዝገቢያ አፕ ጭነህ በሳምንቱ ተውከው። "እናንተ እንዴት ነው የምትይዙት?" ብለሃል። እኔ እዚሁ ጅማ ስሠራ አምስት ዓመቴ ነው። የትምህርት ዕዳዬን ከፍዬ የጨረስኩት አምና ነው። የሠራልኝን ልንገርህ።

እኔም በመጀመሪያ ወጪዬን በወር ነበር የማስበው። ደሞዝ የገባ ሰሞን ሁሉም ነገር የሚበቃ ይመስላል። በ20ኛው ቀን ግን ሰፈር ያለው ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ስሜ ይጻፋል። ዱቤው ከሚቀጥለው ደሞዝ ላይ ይነሳል። ስለዚህ የሚቀጥለው ወር ገና ሳይጀመር ጎድሏል። እንዲህ እያደረግኩ አንድ ዓመት ሙሉ ቆየሁ።

ያዳነኝ ሐሙስ ነው። የጅማ ትልቁ ገበያ ሐሙስ እንደሆነ ታውቃለህ። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከቀርሳ ገበሬው ይዞ ይገባል፤ እኔም የሳምንት አስቤዛዬን የምገዛው ያን ቀን ነው። አንድ ቀን ደብተሬን ሳገላብጥ ትልልቆቹ ወጪዎቼ ሁሉ ሐሙስ ላይ ተደርድረው አገኘኋቸው። ብሬ የሚወጣው በሳምንት ነው፤ እኔ የማቅደው በወር ነው። አልተገናኘንም።

ከዚያ በኋላ ደሞዝ የገባ ቀን አምስት ፖስታ ማዘጋጀት ጀመርኩ። ቁጥሩን ላሳይህ። ግብር፣ 7 በመቶ ጡረታና ኮስት ሼሪንግ ተቆርጦ እጄ ላይ የሚደርሰው 9,400 ብር ነበር። ኪራይ ከመብራትና ከውሃ ጋር 2,500። ለእናቴ 1,000። እነዚህ ሁለቱ ያኑ ቀን ይወጣሉ፤ አያድሩም። ከቀረው 5,900 ላይ 5,000ውን በየፖስታው 1,000 አድርጌ አከፋፍላለሁ። 900ው ለልብስ፣ ለመድኃኒት፣ ለካርድ ይሁን ብዬ ቴሌብር ላይ እተወዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት አንድ ፖስታ ይከፈታል። እስከ ሚቀጥለው ሐሙስ ሌላው አይነካም።

አሁን ዋናውን ልብ በል። ወራችን 30 ቀን ነው። አንዳንዱ ወር አምስት ሐሙስ አለው፤ አብዛኛው ግን አራት ብቻ ነው። ስለዚህ በአራት ሐሙስ ወር አንድ ፖስታ ሳይከፈት ይተርፋል። በዓመት 12 ደሞዝ በአምስት ፖስታ ሲባዛ 60 ይሆናል፤ ዓመቱ ደግሞ ያለው 52 ወይም 53 ሐሙስ ነው። ቢያንስ 7 ፖስታ ይተርፍሃል፤ 7,000 ብር ማለት ነው። የቆጠብኩት ከሆዴ ቀንሼ አይደለም። ቀን ቆጥሬ ነው።

የነሐሴን ደሞዝ ግን አትመነው። ጳጉሜ ደሞዝ የላትም። የነሐሴ ደሞዝ ጳጉሜንና መስከረምን ይዞ 35 ቀን፣ ጳጉሜ ስድስት ስትሆን ደግሞ 36 ቀን መዝለቅ አለበት፤ ይህ ሁልጊዜ ቢያንስ አምስት ሐሙስ አለው። እንቁጣጣሽ አለ፣ መስቀል አለ፣ የታናናሾችህ ደብተርና ዩኒፎርም አለ። እኔ ከሚተርፉት ፖስታዎች ሁለቱን "ጳጉሜ" ብዬ ጽፌባቸው አስቀምጣለሁ። ያን ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ መስከረም ላይ ተበድሬ አላውቅም።

አመዘጋገቡን በተመለከተ አፑን ብትተወው አልፈርድብህም። አሥራ ምናምን ዓይነት ወጪ እየመረጥክ መሙላት ማታ ከሥራ ለተመለሰ ሰው ይከብዳል። የእኔ ደብተር ሦስት ዓምድ ብቻ አለው፦ አስቤዛ፣ መንገድ፣ ሰው። የምጽፈው በፖስታው ጀርባ ላይ ነው፣ ወዲያው፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬም ቢሆን። ሐሙስ ማታ ወደ ደብተሩ እገለብጠዋለሁ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

"መንገድ" ቶሎ የሚስተካከል ነው። ከአጂፕ ሰፈር እስከ ፈረንጅ አራዳ ጠዋትና ማታ ኮንትራት ባጃጅ እይዝ ነበር። በፖስታው ጀርባ ላይ ሲደመር ሳየው ጠዋት ጠዋት በእግር መሄድ ጀመርኩ። "አስቤዛ" ላይ ደግሞ ሰዓት ለወጥኩ። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ገበሬው ወደ ቤቱ መመለስ ይፈልጋል። ጠዋት በስንት ክርክር ያልቀነሰው የቲማቲም መደብ ያኔ ሁለት ሦስት ፍሬ ተመርቆበት ይሰጣል። አንዲት እናት አቮካዶውን በሻሽዋ ጫፍ እየጠረገች "ውሰጂው ልጄ፣ ይዤው አልመለስ" ስትለኝ ትዝ ይለኛል።

"ሰው" ያልኩት ዓምድ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙዎቻችንን የሚያናጋን እሱ ነው። ለቅሶ፣ የታመመ ጥየቃ፣ የባልደረባ ሠርግ፣ የአራስ ጥሪ፣ ዒድ ሲሆን የጎረቤት ልጆች። ይህን "ድንገተኛ" ብለን እንጽፈዋለን። ድንገተኛ አይደለም፤ በየሳምንቱ ይመጣል። ቆርጬ ላስቀረውም አልፈልግም፤ እኔ ስታመም ሾርባ ይዘው የመጡት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ፖስታ 150 ብር ለሰው ብዬ መደብኩ። በአንድ ሳምንት ካልተነካ ለሚቀጥለው ይሸጋገራል። ለቅሶ ሲመጣ ተዘጋጅቼ እሄዳለሁ እንጂ ተበድሬ አልሄድም።

ኮስት ሼሪንጉን በሚመለከት። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው አሠራር እንደምታውቀው ነው፦ የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ፣ ከትምህርቱ ወጪ ደግሞ 15 በመቶውን ተመራቂው ይመልሳል። አሠሪው ከደሞዝህ ቢያንስ 10 በመቶ ቆርጦ ለገቢዎች ያስገባል። እዚህ ላይ የደረሰብኝን ስማ። የመጀመሪያው መሥሪያ ቤቴ 14 ወር ቆረጠብኝ። ሥራውን ስለቅ ክሊራንስ (የዕዳ ማረጋገጫ) ልጠይቅ ሄድኩ፤ ገቢ ሆኖ የተገኘው የ9 ወሩ ብቻ ነው። የአምስቱን ወር የደሞዝ ወረቀት አልያዝኩም ነበር። ለማስተካከል ሦስት ወር ተመላለስኩ። ዕዳው ሳያልቅ ኦርጅናል ዲግሪዬን ማውጣት ስላልቻልኩ አንድ ጥሩ ሥራ አመለጠኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንተ እንዳይደርስብህ፦ የደሞዝ ወረቀትህን በየወሩ ጠይቅ፣ ደብተርህ ጀርባ ላይ ለጥፍ። በየስድስት ወሩ ደግሞ መቆረጡ ብቻ ሳይሆን መግባቱን ራስህ ሄደህ አረጋግጥ።

መጀመሪያ የትኛው ይቅደም ላልከው፣ እኔ ቅድሚያ የሰጠሁት ለአንድ ወር ኪራይና ምግብ የሚሆን ተቀማጭ ነው። እሱ ሲሞላ ትርፍ ፖስታዎቹን ወደ ዕዳው አዞርኩ፤ የቀረውን በአንድ ጊዜ ከፍዬ ኦርጅናሌን አወጣሁ። በሙያህ ኦርጅናል መያዝ በር ይከፍታል። ብትዘገይ ዕዳው ሳይሆን ሥራው ነው የሚያመልጥህ።

እቁቡን አሁን አትግባ። እቁብ ጥሩ ነገር ነው፤ እኔም አለሁበት፣ በሳምንት 250 ከፖስታዬ ላይ እከፍላለሁ። ግን ዕጣ ቀድሞ የደረሰው ሰው ተበዳሪ ነው፤ መጨረሻ የደረሰው ነው ቆጣቢ። ዕጣው በሁለተኛው ሳምንት ቢወጣልህና ብሩን ብታጠፋው፣ በደሞዝህ ላይ ሁለተኛ ተቆራጭ ጨመርክ ማለት ነው። ተቀማጭህ ይሙላ፣ ከዚያ ግባ፤ ስትገባም ዳኛውን በደንብ የምታውቀው እቁብ ውስጥ ግባ።

አሁን አንድ ነገር አድርግ። ቀጣዩ ደሞዝህ ስንት ሐሙስ እንደሚሸፍን ቁጠርና ከኪራይህ ጋር እዚሁ ጻፍልኝ። ፖስታውን አብረን እናከፋፍለዋለን።