ፈረስ የሌለው የፈረስ ጦር

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። «አያቴ ከረን ላይ የተዋጉት ህንዶች የፈረስ ጦር ናቸው፣ ስማቸውም ስኪነርስ ሆርስ ነው ይሉ ነበር። ፎቶ ስፈልግ ግን ያገኘሁት መኪና ላይ የተጫኑ ወታደሮች ነው። ፈረሱ የት ሄደ? አያቴ ተሳስተው ነው?» ነው ያልሽው። አያትሽ አልተሳሳቱም። ፎቶውም ልክ ነው።

እኔ የታሪክ ሰው አይደለሁም። ዴልሂ ለማስተርስ ሄጄ ነው ነገሩ ውስጥ የገባሁት። ካሽሚሪ ጌት የሚባለው ሰፈር አንድ የቆየ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ ቅዱስ ያዕቆብ ይባላል፣ ትልቅ ጉልላት ያለው። አንድ እሁድ ሙቀቱ ሲያቃጥለኝ ጥላ ፍለጋ ገባሁ። መሠዊያው ፊት ለፊት ወለሉ ላይ እብነ በረድ ተነጥፏል። ልረግጠው ስል ጥበቃው ክንዴን ያዘኝና «መቃብር ነው!» አለኝ። የማን ነው ስለው «የሲካንደር ሳሂብ» አለ። ሲካንደር ማለት እስክንድር ነው። ሰውየው ጄምስ ስኪነር ነው፣ የአያትሽ ጦር መሥራች። ስኪነርስ ሆርስ ማለትም «የስኪነር ፈረስ» ነው።

ስኪነር በ1778 ተወለደ (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። አባቱ ስኮትላንዳዊ፣ እናቱ ህንዳዊት። እንግሊዞቹ የምሥራቅ ህንድ ኩባንያ (የራሱ ጦር የነበረው የንግድ ድርጅታቸው ነው) ጦር ውስጥ እናቱ ህንዳዊት የሆነች ሰው መኮንን አይሆንም የሚል ደንብ አውጥተው ነበር። እና ልጁ ምን ያድርግ? ሄዶ ማራታ ከሚባሉት የህንድ ኃያላን ገዥዎች ለአንዱ፣ ለሲንዲያ ተቀጠረ። በ1800 አንድ ውጊያ ላይ ክፉኛ ቆስሎ ሜዳ ላይ ቀረ። ከሬሳው መሀል ተኝቶ ከተረፍኩ ቤተ ክርስቲያን አሠራለሁ ብሎ ተሳለ። ዳቦና ውኃ ይዛ የደረሰችለት ማንም ዞር ብሎ የማያያት የዝቅተኛው መደብ ሴት ናት። ስለቱ ቆየ እንጂ አልቀረም። ቤተ ክርስቲያኑ በ1836 ተመረቀ፣ በራሱ ገንዘብ።

በ1803 ኩባንያውና ማራታዎች ሲጣሉ ማራታዎቹ ደግሞ አባትህ እንግሊዝ ነው ብለው አባረሩት። እዚያም ባዕድ፣ እዚህም ባዕድ! ከዚያ ወደ እንግሊዙ ጄኔራል ሌክ ዞረ። ከማራታ የከዱ ፈረሰኞችም እሱ ካዘዘን እናገለግላለን አሉ። ሬጅመንቱ የተወለደው እንዲህ ነው። ቢጫ ቀሚስ ስለሚለብሱ «ቢጫዎቹ ልጆች» ይሏቸው ነበር።

እኔን በጣም የገረመኝ አሠራሩ ነው። ሲላዳር ይሉታል። ወታደሩ ፈረሱን፣ ኮርቻውን፣ ልብሱን ሁሉ ራሱ ይዞ ነው የሚመጣው፣ መንግሥት ከፍ ያለ ደመወዝ ይሰጠዋል፣ የተቀረው የራሱ ጉዳይ ነው። የወታደርነት ቦታው ራሱ እንደ ንብረት ይሸጣል፣ ይለወጣል። ፈረስ መግዛት ያቃተው ድሃ ደግሞ የሌላ ሰው ፈረስ ላይ ተቀምጦ ያገለግላል፣ የባለፈረሱን ድርሻ እየከፈለ። የሰው ታክሲ እንደሚነዳ ሾፌር በይው። ፈረሱ ከሞተ ከራሱ ከወታደሩ መዋጮ ይተካል። በአገር ውስጥ ዘመቻ ይህ ይሠራል። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ባሕር ማዶ ሲዘምቱ ግን ለሞተው ፈረስ ምትክ ማን ያምጣ? ሥርዓቱ እዚያ ላይ ተንኮታኮተ፣ ከጦርነቱ በኋላም ተተወ።

በ1921 በስኪነር ስም የሚጠሩት ሁለት ሬጅመንቶች ተቀላቅለው አንድ ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጣሊያንን ሊወጉ ሱዳን በ1940 ሲደርሱ ፈረስ የለም፣ መኪና ነው። የአምስተኛው የህንድ ክፍለ ጦር ቃኚ ሆነው ነው የመጡት። ስሙ ግን አልተነካም። ለኛ ይህ ሊከብደን አይገባም። ጃንሆይ በሮልስ ሮይስ እየሄዱም አባ ጠቅል ነበሩ። የፈረስ ስም ፈረሱ ሲሞት አይሞትም።

አሁን ወደ አያትሽ። ኮሎኔል ሜሰርቪ የሚመራው ጋዜል የሚባል ቅልጥፍ ያለ ጦር ነበር፣ ስኪነርስ ሆርስ እዚያ ውስጥ ናቸው። ጣሊያን የሱዳኗን ከሰላን ለቆ ሲሸሽ እያባረሩ ኤርትራ ገቡ። ከሩ የሚባል ጠባብ በር ላይ ግን ቆሙ። ልብ በይ፣ ከሩና ከረን የተለያዩ ናቸው፣ ሰው ይቀላቅላቸዋል። ጥር 13 ቀን 1933 በኛ፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ፈረሰኞች ከኋላቸው ድንገት ጋልበው ወረዱባቸው፣ ጎራዴና የእጅ ቦምብ ይዘው። እንግሊዞቹ መድፋቸውን በጥድፊያ አዙረው ቅርብ ለቅርብ ተኮሱባቸው። የሚገርመው የመድፈኞቹም ስም ዮመንሪ ነው፣ ድሮ የገበሬ ፈረሰኛ የነበሩ!

ፈረሱ ላይ የነበሩት እነማን መሰሉሽ? የኛው ሰዎች። አመዴዮ ጉዬት የሚባል ጣሊያናዊ መቶ አለቃ የሚያዛቸው የአማራ ባንዳ የሚባለው ፈረሰኛ፣ ውስጡ የመኖችም ነበሩ። ባንዳ በጣሊያንኛ የመደበኛ ጦር ያልሆነ ቡድን ማለት ነው፣ እኛ ጋ ስድብ ሆኖ ቀረ፣ ያለምክንያትም አይደለም። ግን ያን ቀን የወደቁትን ሳስብ ስድቡ ብቻ አይበቃኝም። ሌላ አገር ለራሱ ሲል በመድፍ ፊት አስጋለባቸው። ከመኪናው የወረዱት ህንዶችም ቢሆን የመጡት በሰው ዘውድ ስም ነው።

ከዚያ አቆርደት፣ ከዚያ ከረን። ከረን ወደ ሁለት ወር ፈጀ፣ መጋቢት 18 ወደቀች። ስኪነርስ ሆርስ አምባ አላጌም ላይ ነበሩ። ዛሬ ሬጅመንቱ በህንድ ጦር ውስጥ አለ፣ ታንከኛ ሆኖ። ጉዬት ደግሞ ከጦርነቱ በኋላ ዲፕሎማት ሆነ፣ የት አምባሳደር ሆኖ ተሾመ ብትዪኝ ህንድ!

አንድ ነገር አደራ። ናፒየር በ1868 መቅደላ ሲመጣ ይዟቸው የነበሩት የህንድ ፈረሰኞች ሌሎች ናቸው፣ ሲንድ ሆርስና የቤንጋል ፈረሰኞች፣ ፈረሳቸውም እውነተኛ ፈረስ ነው። አንዳንዱ ሰው ያምታታዋል።

አያትሽ «ፈረስ በዓይኔ አየሁ» ብለው ከሆነ ያዩት የጉዬትን ሰዎች ሊሆን ይችላል። እናትሽን ጠይቂያት፣ ያኔ የት ነበሩ? ከሰላ በኩል ወይስ ከረን? በየትኛው ወገን? ካገኘሽ እዚሁ ጻፊልን።