በቤት ውስጥ የፍሬን አየር ስለማውጣት፦ ጥያቄና መልስ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ በዚህ ርቀት ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይኬዳል። ስለዚህ የሐረጎን ቁልቁለት ለሚመላለስ ሰው የፍሬን ዘይት ነገር በሜዳ ላይ ከሚነዳው ይልቅ እጅግ ያሳስበዋል። ከባለ ሞተሮችና ከባለ ባጃጆች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች፣ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ በማድረግ፣ እንደሚከተለው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ባለ አራት ጎማ ሞተር አለኝ። የፊት ፍሬኑን ስይዘው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። ጋራዥ ሳልሄድ በግቢዬ ዘይቱ ውስጥ የገባውን አየር ማውጣት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። የሚያስፈልግዎ እሽጉ ያልተከፈተ አዲስ የፍሬን ዘይት፣ የአየር ማስወጫዋን ብሎን የሚገጥም ቁልፍ (በአብዛኛው ቁጥር 8 ነው)፣ ቀጭን ግልጽ ቱቦ እና ከታች ጥቂት ዘይት የተደረገበት ጠርሙስ ነው። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ ያቁሙና የዘይት መያዣው አግድም እስኪሆን ድረስ መሪውን ያዙሩ። ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ዙሪያውን በደንብ ይጥረጉ፤ አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ውስጥ ብትገባ ጎሚኒውን፣ ማለትም ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚያሽገውን ጎማ፣ ትቧጭራለች። ከዚያ ቱቦውን ብሎኗ ላይ ሰክተው ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ውስጥ ካለው ዘይት ያስገቡ።

አሁን እጀታውን ይያዙና ሳይለቁት ብሎኗን ሩብ ዙር ይክፈቱ። ዘይቱና አየሩ ይወጣሉ፤ እጀታውም ወደ መሪው ይጠጋል። እጀታውን ከመልቀቅዎ በፊት ብሎኗን ይዝጉ። ከሁሉ በላይ መጠንቀቅ ያለብዎት ይህንን ቅደም ተከተል ነው፤ ብሎኗ ክፍት ሳለች እጀታው ከተለቀቀ የወጣው አየር ተመልሶ ይገባል። አረፋ የሌለበት ንጹሕ ዘይት እስኪመጣ ድረስ ይህንኑ ይደጋግሙ፤ በመካከሉም መያዣው እንዳይጎድል ዘይት ይጨምሩ፤ ባዶ ከሆነ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። የፊት ሁለቱ ጎማዎች ብዙውን ጊዜ በአንድ ፓምፕ (እጀታው ሲያዝ ዘይቱን በሚገፋው ክፍል) ስለሚሠሩ፣ መስመሩ ረጅም ከሆነው ጀምረው ሁለቱንም ያዳርሱ። የኋላው የራሱ ፓምፕ ካለው ለብቻው ይሠራል።

ጥያቄ፦ አረፋው ጨርሶ እስኪጠፋ ድረስ አውጥቻለሁ፤ ፍሬኑ ግን አሁንም ለስላሳ ነው። አየሩ የት ተደብቆ ነው?

መልስ፦ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ስለዚህ መጀመሪያ የሚፈለገው ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው። እጀታው ላይ ያለው ፓምፕ የፍሬኑ ቱቦ ከሚታሰርበት ብሎን ጋር የመስመሩ ከፍተኛ ቦታ በመሆኑ፣ ትንንሽ አረፋዎች እዚያ ይሰበሰባሉ፤ ታች ካለችው ብሎንም በቀላሉ አይወጡም። ቱቦውን ከታች ወደ ላይ በጣትዎ እያንኳኩ፣ እጀታውን በትንሹ ደጋግመው ቢነካኩት በመያዣው በኩል አረፋ ሲወጣ ያያሉ። ካልሆነ እጀታውን ወደ መሪው ጎትተው በገመድ አስረው ያሳድሩት፤ ብዙ ጊዜ ጠዋት ጠንክሮ ይገኛል።

ካሊፐሮቹ (ጎማው ጋር ሆነው ዲስኩን የሚቆነጥጡት ክፍሎች) ለጥገና ወርደው ከነበረ ደግሞ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ እንዳልተገጠመ ይመልከቱ። የአየር ማስወጫዋ ብሎን ከካሊፐሩ በላይ በኩል ካልሆነች፣ ምንም ያህል ዘይት ቢያሳልፉ ከላይ የቀረው አየር አይወጣም። እጀታውን አጥብቀው ይዘው ቀስ በቀስ ከሰመጠ ግን ጉዳዩ ከአየር ያለፈ ሊሆን ይችላል፤ የሚፈስ ቦታ መኖሩን ያረጋግጡ፤ ከሌለ የፓምፑ ጎሚኒ አልቋል ማለት ነው፤ መለወጥ አለበት።

ጥያቄ፦ ባጃጄ ከደሴ ስነሳ ፍሬኗ ጥሩ ነው። ኮምቦልቻ ስደርስ ፔዳሉ ይሰምጣል፤ ቆሜ ካረፍኩ በኋላ ደግሞ ይመለሳል። ይህ አየር ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህን ምልክት እያዩ አንድም ቀን ሰው ጭነው አይውረዱ። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል፤ ውሃ ሲቀላቀልበት ግን መስፈርቱ ወደ 140 ይወርዳል። ለዶት 4 ቁጥሮቹ 230 እና 155 ናቸው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ሲረገጥ ሸራው (ተጭኖ የሚያቆመው ክፍል) ታምቡሩን (ከጎማው ጋር የሚዞረውን ከበሮ) ያግላል፤ ሙቀቱ ወደ ዘይቱ ሲደርስ ውስጡ ያለው ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። ዘይት አይታመቅም፤ እንፋሎት ግን ይታመቃል፤ ፔዳሉም የሚሰምጠው ለዚህ ነው። ሲቀዘቅዝ እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ስለሚሆን ፍሬኑ የተስተካከለ ይመስላል፤ ብዙዎች የሚዘናጉትም እዚህ ላይ ነው።

መፍትሔው አሮጌውን ዘይት ከሁሉም ጎማ ሙሉ በሙሉ አስወጥቶ በአዲስ መተካት ነው፤ በየሁለት ዓመቱም መደገም አለበት። ቁልቁለቱን በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ፤ ፍሬኑን ረግጠው እየለቀቁ ይጠቀሙ። ጠዋት ሳይሞቅም ፔዳሉ ሩቅ የሚወርድ ከሆነ ሸራው ተበልቶ ከታምቡሩ ርቆ ሊሆን ስለሚችል፣ አየር ከማውጣትዎ በፊት ያስተካክሉት።

ጥያቄ፦ ዶት 3 ላይ ዶት 4 መጨመር ይቻላል? የሞተር ዘይትስ?

መልስ፦ ዶት 3 እና ዶት 4 ይቀላቀላሉ። ዶት 5 የሲሊኮን ዘይት ስለሆነ ከእነዚህ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀልም። የሞተር ዘይት ጎሚኒዎቹን ሁሉ ያሳብጣል፤ ጥቂት ጠብታም ቢሆን አይግባ። በቱቦው የወጣውንም ዘይት መልሰው አይጠቀሙ።

ጥያቄ፦ የአየር ማስወጫዋ ብሎን ዛገች፤ አልፈታም አለች።

መልስ፦ ውስጧ ክፍት ስለሆነ በቀላሉ ትሰበራለች፤ አያስገድዷት። ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት አድርገው ያሳድሩና በማግስቱ ስድስቱንም የብሎኗን ጎኖች ዙሪያውን የሚይዝ ቁልፍ ይጠቀሙ፤ መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው በጥቂቱ፣ ከዚያ ወደ መፍቻው። አሁንም እምቢ ካለች ካሊፐሩን አውርደው ለባለሙያ ይስጡ።

ጥያቄ፦ ሥራውን ስጨርስ በቀጥታ ወደ ኮምቦልቻ መውረድ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። የፈሰሰው ዘይት ቀለም ስለሚልጥ በብዙ ውሃ ያጥቡት፤ ዲስኩም ላይ እንዳልነካ ይመልከቱ። እጀታውን ወይም ፔዳሉን አጥብቀው ለአንድ ደቂቃ ይያዙና ብሎኖቹን በደረቅ ጨርቅ ይንኳቸው፤ ጨርቁ ከረጠበ የሚያፈስ አለ። ከዚያ በደልዳላ ሜዳ ላይ በዝግታ እየነዱ ደጋግመው ያቁሙት። በማግስቱ የዘይቱ መጠን ካልጎደለና እጀታው እንደጠነከረ ከቆየ፣ ያን ጊዜ ይውረዱ።