«ካላደግሽ ትጠፊያለሽ» ይለኛል ወንድሜ

ይድረስ ለምክር አምዱ አዘጋጅ፤

ቦርሳ እየሰፋሁ የምተዳደር ሴት ነኝ። ሁለት የስፌት መኪናና አንድ የመቁረጫ ጠረጴዛ አለኝ፤ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። በሳምንት 40 ቦርሳ እንሰፋለን። ወገባችን እስኪቆረጥ ብንሠራ 45 ይደርስ ይሆናል። ቅዳሜ ማታ መደርደሪያው ላይ የሚያድር ቦርሳ የለም፤ ልጆቼንም ያሳደግሁት በዚሁ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ስለ ንግድ የሚሰጡ ንግግሮችን ማዳመጥ ከጀመረ ወዲህ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። «እህት ዓለም፣ ካላደግሽ ትጠፊያለሽ» ይለኛል። ዋጋ ቀንሺና ብዙ ሽጪ፣ በሰው ገንዘብ እደጊ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነውና የመጣ ትእዛዝ አትመልሺ ይላል። ለእያንዳንዱ ምክር ከባዶ ተነስቶ ባለጸጋ የሆነ ሰው ይጠቅስልኛል። ክፉ አስቦ አይደለም፤ ስለሚወደኝ ነው።

ባለፈው ወር አንድ ድርጅት 400 ቦርሳ ላዝዝ አለ። ከመሸጫ ዋጋዬ ላይ 10 በመቶ እንድቀንስለት፣ ክፍያውንም ሥራውን በሙሉ ከተረከበ ከ90 ቀን በኋላ እንዲፈጽም ይፈልጋል። ለጨርቁ፣ ለዚፑና ለሠራተኞቹ መበደሬ ነው። ወንድሜ «እንዲህ ያለ በር ሁለት ጊዜ አይከፈትም» ብሎ ዋስ ሊሆነኝ ተነስቷል። እኔ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። ትናንት አንዱን የቦርሳ ማንገቻ ሦስት ጊዜ ሰፍቼ ሦስት ጊዜ ፈታሁት። ፈሪ ነኝ ወይስ ልቤ ያየው ነገር አለ?

ቦርሳ ሰፊዋ

መልስ

ውድ እህቴ፤

«ፈሪ ነኝ ወይ» የሚለውን ጥያቄ ለጊዜው ይተዉትና ደብተርና እርሳስ ያምጡ። ዋጋዎን ስላልነገሩኝ አንዱን ቦርሳ በ100 ይሸጣሉ እንበል። ለጨርቅ፣ ለዚፕ፣ ለክርና ለሰፊው የሚከፈለው 70 ቢሆን 30 ይተርፋል። ኪራዩም፣ መብራቱም፣ የእርስዎ ኑሮም የሚወጣው ከዚህች 30 ነው። የራስዎን ትክክለኛ ቁጥር በኋላ ይተኩበታል፤ የስሌቱ መንገድ ግን አይለወጥም።

አሁን 10 በመቶ ይቀንሱ። መሸጫው 90 ሆነ። ጨርቁ አልረከሰም፣ ክሩም አልረከሰም፤ ወጪው እዚያው 70 ላይ ነው። የሚተርፍዎት ከ30 ወደ 20 ወረደ። ከዋጋው የቀነሱት አንድ አሥረኛ ነው፤ ከእጅዎ የወጣው ግን ከትርፍዎ ሲሶው ነው። ዛሬ በ40 ቦርሳ የሚያገኙትን 1,200 ለማግኘት በአዲሱ ዋጋ 60 ቦርሳ መስፋት ይኖርብዎታል። ሁለቱ መኪናዎችዎ ደግሞ ከ45 አያልፉም። «ዋጋ ቀንሺና ብዙ ሽጪ» የሚለው ምክር መኪናው ሥራ ፈትቶ ለቆመበት፣ ወጪው በአብዛኛው ብዙ ቢሠራም ጥቂት ቢሠራም ለማይለወጥበት ቤት ይጠቅም ይሆናል። የእርስዎ ቤት ግን እንደዚያ አይደለም።

ወደ ትእዛዙ እንምጣ። 400 ቦርሳ በሳምንት 40 ሲሰፋ አሥር ሳምንት ይፈጃል። በነዚያ አሥር ሳምንታት ለቅዳሜ ደንበኞችዎ የሚቀርብ አንድ ቦርሳ አይኖርም። ከትእዛዙ የሚያተርፉት 400 በ20 ሲባዛ 8,000 ነው። ትእዛዙን ሳይቀበሉ፣ በተለመደው ሥራዎ በዚያው አሥር ሳምንት የሚያገኙት ደግሞ 12,000 ነው፤ ያውም በየሳምንቱ በእጅዎ የሚገባ። ይህን ስሌት ስሠራ እኔም ቆም ብዬ ደግሜ አየሁት። ትልቁ ትእዛዝ አሁን በሚሠሩት ላይ የሚጨመር ይመስላል እንጂ የሚሠሩትን የሚተካ ነው፤ ሲተካም አሳንሶ ነው። የብድሩ ወለድ ገና አልተነካም። የመጀመሪያውን ጨርቅ ከገዙበት ቀን አንስቶ ክፍያው እስኪገባ 160 ቀን ይሆናል፤ እስከዚያ 28,000 ከኪስዎ ወጥቶ ይጠብቃል።

ስለ ዱቤው የምናገረው ቆስዬበት ነው። ድሮ ትንሽ ማተሚያ ቤት ነበረኝ። አንድ መሥሪያ ቤት ትልቅ የኅትመት ሥራ ሰጠኝና በሦስት ወር እከፍላለሁ ያለውን በሰባተኛው ወር ከፈለ። በመዝገቤ ላይ የዓመቱ ትልቁ ትርፍ የእሱ ነበር። ለሠራተኞቼ ደመወዝ ግን የወረቀት መቁረጫ መኪናዬን ሸጥኩ። ገዢው መኪናውን ሲያስወጣ ወለሉ ላይ የቀሩት አራት የእግር ዱካዎች ዛሬም ይታዩኛል። ሥራ ያለው ድርጅት በገንዘብ እጥረት ሊዘጋ እንደሚችል ያኔ ተማርኩ። አበው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያሉት ለእኔ ነበር።

ወንድምዎ የሚጠቅስልዎት ባለጸጎች ታሪካቸው እውነት ሊሆን ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አብርሃም ዋልድ የተባለ የስታቲስቲክስ ሊቅ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ከጦርነት በተመለሱ አውሮፕላኖች ላይ ያለውን የጥይት ምልክት ያጠና ነበር። ከሞተር ውጭ ባለው አካላቸው የተመቱት ብዙ ነበሩ፤ በሞተራቸው የተመቱት ጥቂት። ይህም ሞተር አይመታም ማለት አልነበረም፤ ሞተሩን የተመታው ሳይመለስ ቀርቷል ማለት እንጂ። በምክር ንግግሮች ላይ የምንሰማቸውም የተመለሱትን ነው። በአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ መረጃ መሠረት አዲስ ከሚከፈቱ ድርጅቶች ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት አይደፍኑም። ከነሱ ውስጥ ተበድሮ፣ ዋጋ ቀንሶ፣ የመጣ ትእዛዝ ሁሉ ተቀብሎ የወደቀ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ አይናገርም። እርስዎ ስድስት ዓመት ቆይተዋል፤ ይህ እኮ ራሱ ታሪክ ነው።

ወንድምዎ ግን በሙሉ አልተሳሳተም። ቅዳሜ መደርደሪያው ባዶ መሆኑ አንድ ነገር እየነገረዎት ነው። የሰፉት ሁሉ የሚሸጥ ከሆነ ዋጋው ዝቅ ብሎ ይሆናል። ብዙ የሚፈለገውን አንዱን ሞዴል ብቻ 10 በመቶ ጨምረው ለአንድ ወር ይሞክሩት። በዚያ ዋጋ ከአንዱ 40 ይተርፋል፤ ሁሉም በዚያ ዋጋ ቢሸጥ ያንኑ 1,200 ለማግኘት 30 ቦርሳ ይበቃዎታል። ከአራት ገዢ አንዱ ቢቀር እንኳ አይጎዱም፤ እጅዎም ያርፋል፤ ሦስተኛ መኪና በራስዎ ገንዘብ መግዛት የሚጀመረውም ከዚያ ነው። ይህንን ዕድገት እኔም እመኝልዎታለሁ።

ለድርጅቱ በሩን አይዝጉ። «100 ቦርሳ በሙሉ ዋጋ፣ በሳምንት አሥር አሥር አስረክባለሁ፤ ግማሹ ክፍያ በቅድሚያ፣ ቀሪው በየርክክቡ» ብለው በጽሑፍ ይመልሱ። እንዲህ ከሆነ ለቅዳሜ 30 ቦርሳ ይቀርዎታል፤ ጨርቁም የሚገዛው በእነሱ ገንዘብ ነው። ደንበኛ ንጉሥ ነው የሚለውን ለስፌቱ ጥራትና ለቃልዎ ያውሉት፤ 90 ቀን ያለ ወለድ ማበደር ውስጡ የለበትም።

ወንድምዎን ግን አያሳፍሩት፤ ዋስ ሊሆን የተነሳ ሰው ነው። አንድ ምሽት አጠገብዎ አስቀምጠው ደብተሩን ይስጡት፣ የእርስዎን እውነተኛ ቁጥር እየነገሩት እሱ ይደምር፣ እሱ ያባዛ። ድርጅቱ የመለሰልዎትንም፣ ወንድምዎ ያለዎትንም ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል።