የፖሊዮ ጠብታ ለወሰደ ልጅ መርፌው ለምን ይጨመራል?

እኅቴ፣ «ልጄ ጠብታውን በየቀጠሮው ወስዶ ሳለ በ14ኛው ሳምንት መርፌ ተጨመረለት፤ አንዱ አይበቃም ወይ?» ብለው ጠይቀዋል። በጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ለዓመታት የሠራሁ ነርስ ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ከብዙ እናቶች ሰምቼዋለሁ።

የፖሊዮ ቫይረስ በአፍ ገብቶ አንጀት ውስጥ ይራባል፤ በሰገራም ወጥቶ ወደ ሌላው ይሻገራል። ወደ ነርቭ ዘልቆ ሽባ የሚያደርገው ጥቂቶችን ብቻ ነው። መርፌው በደም ውስጥ የሚዘዋወር አንቲቦዲ፣ ማለትም ጀርምን የሚይዝ የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ ስለሚያስገኝ ልጁን ከሽባነት ይጠብቃል፤ አንጀቱን ግን ብቻውን እምብዛም አይከላከልለትም። ጠብታው የተዳከመ ሕያው ቫይረስ በመሆኑ እዚያው አንጀት ውስጥ ይራባል፤ ከአንጀቱ ሽፋን ሥር ያሉ ሕዋሳትም አይጂኤ የተባለውን አንቲቦዲ እንዲያመርቱ ያደርጋል። ሽፋኑ ይህን አንቲቦዲ ወደ ውስጥ ሲያሳልፈው ቁራጭ ፕሮቲን ያለብሰዋል፤ ምግብ የሚፈጩት ኢንዛይሞች በቀላሉ የማይሰባብሩትም ስለዚህ ነው። አይጂኤ ቫይረሱን ከሽፋኑ ሳይጣበቅ ይይዘውና ከሰገራ ጋር ይወጣል፤ ይህንንም አንጀቱን ሳያስቆጣ ማከናወኑ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ጠብታው ሕያው ካልሆነ ይህ ሁሉ አይሆንም። ብልቃጡ ላይ በክብ ውስጥ የተሣለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለች፤ በሙቀት ጠቁራ ክቡን ከመሰለች ብልቃጡ ይወገዳል።

የሁለቱን ልዩነት እስራኤል በግልጽ አይታዋለች። ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መርፌውን ብቻ ትሰጥ ነበር። በ2013 በደቡብ በምትገኘው ራሃት ከተማ የፍሳሽ ውኃ ውስጥ ቫይረሱ ተገኘ፤ ሽባ የሆነ ልጅ ግን አልነበረም። በመርፌ የተከተቡት ልጆች ራሳቸው ሳይታመሙ ቫይረሱ በአንጀታቸው በኩል ይሻገር ነበርና፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ጠብታ በዘመቻ ተሰጣቸው።

የእርስዎ ልጅ መርፌ ያስፈለገው ደግሞ፣ የፖሊዮ ቫይረስ ሦስት ዓይነት ሆኖ ሳለ ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛው ጠብታ ዓይነት 1 እና 3ን ብቻ ስለሚይዝ ነው፤ መርፌው ሦስቱንም ይይዛል። ቀድሞ ጠብታ በወሰደ ልጅ ላይ የአንጀቱንም መከላከያ ያጠናክራል።

ከጠብታው በኋላ ጡት መከልከልም አያስፈልግም። የእናት ወተት፣ ይልቁንም እንገሩ፣ በአይጂኤ የበለጸገ ነው፤ እናቲቱ በአንጀቷ የተዋወቀቻቸውን ጀርሞች የሚያውቁ ሕዋሳት ወደ ጡቷ ተጉዘው የሚያመርቱት ነውና። እንገሩን አፍስሰው ለአራስ ልጅ ቅቤ የሚያስልሱ ቤተሰቦች ዛሬም አሉ፤ እርስዎ ግን ይህን እንዳያደርጉ፣ ለሚቀጥለውም ልጅ ቢሆን።